መዝገብ ቤትን ሊተካ የመጣ ፕሮግራም፦ በትልልቅ ድርጅቶች የሰነድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ የቀረበ ሒሳዊ ግምገማ

አንድ መምህር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካስተማረ በኋላ ጡረታ ለመውጣት ሲያመለክት አስቀድሞ የሚፈለገው ማኅደሩ ነው። የተቀጠረበት ደብዳቤ፣ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የተዛወረበት ትእዛዝ፣ የደመወዝ ጭማሪ ያገኘባቸው ዓመታት፣ ለትምህርት ተፈቅዶለት ከሥራ የተለየበት ጊዜ በአንድ ማኅደር ተጠርዘው ካልተገኙ የአገልግሎት ዘመኑን መቁጠር አዳጋች ይሆናል። ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈች አንዲት ገጽ ደብዳቤ በመጥፋቷ ምክንያት አመልካቹ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ለወራት ሲመላለስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የሰነድ አያያዝ በአስተዳደር ሥራ ውስጥ ዝቅ ተደርጎ ቢታይም የሰው መብት የሚጸናበትም የሚጠፋበትም ተግባር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ተግባር በኮምፒዩተር ለማከናወን የሚያስችሉ ፕሮግራሞች በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ለትልልቅ ድርጅቶች መቅረብ ከጀመሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗል። በእንግሊዝኛ «ኢንተርፕራይዝ ኮንተንት ማኔጅመንት» የሚል መጠሪያ የወጣላቸው እነዚህ ፕሮግራሞች በአማርኛ «የድርጅት ሰነዶችና ይዘት ማስተዳደሪያ» ሊባሉ ይችላሉ። ደብዳቤን፣ ውልን፣ ቃለ ጉባኤን፣ የምሕንድስና ንድፍን፣ ኢሜይልን፣ በአጠቃላይ በሠንጠረዥ ረድፍና ዐምድ ውስጥ በቀላሉ የማይገባውን የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ማከማቻ አሰባስበው፣ ማን ጻፈው፣ ማን አሻሻለው፣ ማን እንዲያየው ይፈቀድለታል፣ መቼስ ይወገዳል ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ እንዲሰጡ የታቀዱ ናቸው። ሻጮቻቸው ሁለት ተስፋ ይሰጣሉ። አንደኛው የመዝገብ ቤት ሥራ ይቃለላል የሚል ነው፤ ይህ በብዙ ረገድ እውነት ሆኗል። ሁለተኛው፣ አንዳንዴ በግልጽ አንዳንዴም በተዘዋዋሪ የሚነገረው፣ መዝገብ ቤት ከነሠራተኛው አላስፈላጊ ይሆናል የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚተቸው ይህ ሁለተኛው ተስፋ ነው።

ስሙ ደጋግሞ የተለወጠ ዕቃ

የሥራው ሐሳብ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የተመሠረተው ብሔራዊ የማይክሮፊልም ማኅበር የወረቀትን ክምር በፎቶግራፍ አሳንሶ በጥቂት ቦታ ማስቀመጥን የሚያስፋፋ ነበር። ይኸው ማኅበር ከጊዜ በኋላ ስሙን ለውጦ፣ ከ2000 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ከላይ የተጠቀሰውን የእንግሊዝኛ መጠሪያ ከሁሉ ይበልጥ ያስፋፋ አካል ሆነ። በመካከሉ ፋይልኔት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ ተቋቁሞ፣ ወረቀትን በስካነር አንሥቶ ምስሉን በኦፕቲካል ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ለገበያ አቀረበ። የፋይልኔት ትልቁ አስተዋጽኦ ምስሉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል እንዲሄድ ማድረጉ ነው። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች አንድ ኃላፊ በደብዳቤው ጥግ ላይ ጽፎ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል የሚመራበት አሠራር በመሠረቱ ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዶክዩመንተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሃዋርድ ሻዎና ጆን ኒውተን በዜሮክስ ኩባንያ ድጋፍ ያቋቋሙት ይህ ድርጅት መጀመሪያ ካገለገላቸው መካከል የቦይንግ 777 አውሮፕላን የማሠልጠኛ መጻሕፍት ዝግጅትና ሲንቴክስ የተባለው መድኃኒት ፋብሪካ ለአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሚያቀርበው የፈቃድ ማመልከቻ ይገኙበታል። የሁለቱ ሥራዎች ጠባይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሰነዶቹ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ዓይነታቸው ታውቋል። እያንዳንዱ ገጽ የት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያጸድቀው፣ ከተሻሻለ የትኛው ቅጂ እንደሚሻር አስቀድሞ ተደንግጓል። እንዲህ ባለው ሥራ ፕሮግራሙ አለኝታ ሆኗል፤ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ የተሻረ መመሪያ ይዞ እንዳይሠራ የሚያደርግ ዘዴ ዋጋው ትልቅ ነውና።

ከሁሉም ይልቅ ለትምህርት ሰዎች የሚያስደንቀው ግን የኦፕን ቴክስት አመጣጥ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ሲነሣ፣ በካናዳ የሚገኘው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተባባሪ ሆነ። በአሜሪካ ከ120 በላይ ጸሓፊዎች ጽሑፉን በፊደል መምቻ ሲያስገቡት በእንግሊዝ አገር ያሉ አራሚዎች ያርሙት ነበር። ጋስቶን ጎኔትና ፍራንክ ቶምፓን የመሳሰሉ የዋተርሉ ተመራማሪዎች በበኩላቸው በዚህ ግዙፍ ጽሑፍ ውስጥ የተፈለገውን ቃል በቅጽበት የሚያወጣ ፕሮግራም ሠሩ። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ሥርዓቶች መፈለጊያ የሚሆኑትን ቃላት አንድ ሰው አስቀድሞ እንዲመርጥ ይጠይቁ ነበር፤ የዋተርሉው ፕሮግራም ግን ጽሑፉን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም የፊደል ገመድ ቆጥሮ ከየትኛውም ነጥብ ፍለጋ ይጀምር ዘንድ የተቀየሰ ነበር። መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1989 በ20 ቅጽ ታተመ፤ ከምርምሩ የፈለቀው ኦፕን ቴክስት የተባለ ድርጅትም በ1991 ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ዛሬ በመስኩ ካሉት ታላላቅ ሻጮች አንዱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። በዋተርሉ ፍለጋው የሠመረው ፕሮግራሙ የረቀቀ በመሆኑ ብቻ አልነበረም። የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች ከመቶ ዓመት በላይ እያንዳንዱን ጥቅስ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ ዓመተ ምሕረቱን አስፍረው፣ በቃሉና በትርጉሙ ሥር ደልድለውት ነበር። ኮምፒዩተሩ የገባው ተለይቶና ተስተካክሎ የቆየ ጎተራ ውስጥ ነው። በኋላ ግን ይኸው የፍለጋ ጥበብ ምንም ዓይነት ድልድል ለሌለው የቢሮ ክምር መድኃኒት ተደርጎ ተሸጠ።

የገበያው ታሪክ በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። ዶክዩመንተምን እ.ኤ.አ. በ2003 ኢኤምሲ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ፋይልኔትን በ2006 አይቢኤም በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው፤ ዶክዩመንተም እንደገና በ2017 ወደ ኦፕን ቴክስት ተዛወረ። ማይክሮሶፍት በ2001 ሼርፖይንትን ሲያወጣ፣ ከዶክዩመንተም መሥራቾች አንዱ የሆነው ኒውተን በ2005 አልፍሬስኮ የተባለውን ምንጩ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ለመመሥረት በቃ። በ2017 ደግሞ ጋርትነር የተባለው አማካሪ ድርጅት የቀድሞው መጠሪያ ጊዜው እንዳለፈ አስታውቆ «የይዘት አገልግሎቶች» በሚል ሌላ ስም ተካው። ምስል ማንሣት፣ ሰነድ ማስተዳደር፣ የድርጅት ይዘት፣ የይዘት አገልግሎት፦ ስሙ በተለወጠ ቁጥር ገዢው አዲስ ውል እንዲፈርም ይጋበዛል። የሚፈታው ችግር ግን ያው የጥንቱ ነው።

አምስት ግሦች

በመስኩ የተለመደው ፍች በአምስት ግሦች ላይ የቆመ ነው፦ መያዝ፣ ማስተዳደር፣ ማከማቸት፣ ጠብቆ ማቆየት፣ ማድረስ። ግሦቹ በራሳቸው የሚነቀፉ አይደሉም። ነገር ግን ባለቤት የላቸውም። ከሚመጣው ነገር ሁሉ የትኛው መያዝ እንደሚገባው የሚወስነው ማን ነው? ከሁለት ማኅደር ሊገባ የሚችል ደብዳቤ በየትኛው ይግባ የሚለውን የሚፈርደውስ? ከዚህም ሌላ ማንኛውም መዝገብ ቤት ሊሸሸው የማይችለው ስድስተኛ ግሥ፣ ማስወገድ፣ በፍቹ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። በፕሮግራሞቹ ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ ክፍል መኖሩ አይካድም፤ ከፍቹ መቅረቱ ግን የአስተሳሰቡን ዝንባሌ ያሳያል።

መዝገብ ቤት እነዚህን ጥያቄዎች በሰው አማካይነት ይመልሳቸው ነበር። ገቢ ደብዳቤ ሲደርስ ሠራተኛው ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ «ጉዳዩ» ከሚለው መስመር በመነሣት የማኅደሩን ቁጥር ያገኛል፤ ከማኅደሩ ጋር አድርጎ ወደ ኃላፊው ይልከዋል፤ ውጪ ሆኖ የቆየውን ማኅደርም ተከታትሎ ያስመልሳል። ዛሬ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች «ሜታዳታ» የሚሉት፣ ስለ ሰነዱ የሚሰጥ መግለጫ፣ በአማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ከጥንት ጀምሮ አለ፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ አባሪ፣ ግልባጭ። ፕሮግራሙ ይህን መግለጫ አልፈጠረውም። የሚሞላውን ሰው ግን ለወጠው፤ ለውጡም ምን እንዳስከተለ ከሁሉ በግልጽ የታየው በብሪታንያ ነው።

የብሪታንያ መንግሥት ልምድ

የብሪታንያ ሚኒስቴሮች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሚበዛው ጊዜ በየክፍሉ የሠለጠኑ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ነበሯቸው። በ1990ዎቹ በየጠረጴዛው ኮምፒዩተር ሲቀመጥና ኢሜይል ሲስፋፋ፣ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ማለፉ እየቀረ ሄደ፤ ሠራተኛውም ወጪ ለመቀነስ ሲባል ተቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1999 መንግሥት ባወጣው የአስተዳደር ማሻሻያ ሰነድ እስከ 2004 ድረስ አዲስ የሚፈጠሩ የመንግሥት መዛግብት ሁሉ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ተቀምጠው በዚያው ዘዴ የሚገኙ እንዲሆኑ ግብ ተተለመ። የመንግሥት ቤተ መዛግብትም ፕሮግራሞቹ ሊያሟሏቸው የሚገቡትን መስፈርቶች አወጣ፤ ብዙ ሚኒስቴሮችም ገዝተው ተከሉ።

ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ለረጅም ዘመን በመንግሥት ሥራ ያገለገሉት ሰር አሌክስ አለን ሁኔታውን እንዲመረምሩ ታዘዙ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የወጣው ሪፖርታቸው ያስቀመጠው ድምዳሜ ለስላሳ አነጋገር ቢኖረውም ፍርዱ ከባድ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከሚጽፈው መካከል የመዝገብነት ዋጋ ያለውን ራሱ ለይቶ በተመደበለት ስፍራ እንዲያስቀምጥ የሚጠይቀው ሥርዓት በሚገባ አልሠራም፤ በአብዛኞቹ ሚኒስቴሮችም በጋራ ማከማቻዎች ላይ ያለ ድልድልና ያለ ማውጫ የተከመረ ብዙ ጽሑፍ ተገኝቷል።

ምክንያቱን ለመረዳት የአንድን ሠራተኛ የሥራ ቀን ማሰብ ይበቃል። ለሚኒስትሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ ማዘጋጀት አለበት፤ ደብዳቤውን ጽፎ «አስቀምጥ» ሲል ፕሮግራሙ የማኅደሮች ዝርዝር ያቀርብለታል፤ ከዚያም ርእስ፣ የጉዳይ ዓይነት፣ የምሥጢር ደረጃ፣ የመቆያ ዘመን እንዲሞላ ይጠይቀዋል። ይህን በመሙላቱ እርሱ ራሱ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ጥቅሙ የሚተርፈው ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሰነዱን በራሱ ኮምፒዩተር ያስቀምጠዋል፤ ወይም በዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ የታየውን ማኅደር ይመርጣል። በወረቀት ዘመንም ቢሆን በየመሥሪያ ቤቱ ከሁሉ የሚወፍረው ማኅደር «ልዩ ልዩ» የሚለው ነበር፤ ልዩነቱ ያኔ አንድ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ውፍረቱን አይቶ ይከፋፍለው መኖሩ ነው።

የፕሮግራሙ ደጋፊዎች ጥፋቱ የሥልጠና ጉድለት ነው ይላሉ። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው፤ ያለ በቂ ሥልጠና የተተከለ ሥርዓት ብዙ ነው። ሆኖም ችግሩ በአንድ ሚኒስቴር ብቻ ሳይወሰን በአብዛኞቹ ሲደጋገም ሠራተኛውን መውቀስ አያስኬድም። መዝገብ ቤት ጥቂት ሰዎች በሙያ የሚሠሩት ሥራ ነበር፤ ለሁሉም ሲበተን የማንም ሙያ አልሆነም። በሒሳብ መዝገብ ላይ ለተቀነሰው ደመወዝ በምላሹ የተከፈለው የእያንዳንዱ ሠራተኛ ጊዜ ግን በየትኛውም ዐምድ አልተመዘገበም። አሁን ሻጮች ድልድሉን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራዋል እያሉ ነው። ለመድን የካሣ ጥያቄና ለደረሰኝ ይህ እየተሳካ ነው፤ አንድ ማስታወሻ የፖሊሲ ውሳኔ የያዘ መሆኑንና አለመሆኑን መለየት ግን ከዚያ የራቀ ፍርድ ነው።

ስለ ማስወገድ

ሰነድን በአግባቡ ማስወገድ ከማስቀመጥ የከበደ ነው፤ የተሳሳተ ውሳኔ ወደ ኋላ አይመለስምና። ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ድርጅት ሊወድቅ በተቃረበበት ወቅት፣ ሒሳቡን ይመረምር የነበረው የአርተር አንደርሰን ድርጅት ሠራተኞች ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ብዙ ወረቀት ቀደዱ፤ ኢሜይልም ደመሰሱ። ይህ ከመሆኑ በፊት ለሠራተኞቹ የተላለፈው ማሳሰቢያ የድርጅቱን የሰነድ ማቆያና ማስወገጃ መመሪያ የሚያስታውስ ነበር። ድርጅቱ በ2002 ጥፋተኛ ተባለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ለዳኞቹ ጉባኤ የተሰጠው መመሪያ ስሕተት አለበት ሲል ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ ሻረው፤ ግን እስከዚያ ድረስ ድርጅቱ ከሥራ ውጭ ሆኖ ነበር። በሐምሌ 2002 የወጣው ሳርባንስ ኦክስሊ የተባለው ሕግ ምርመራን ለማደናቀፍ ሰነድ የሚያጠፋን ሰው እስከ 20 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በሰነድ ማስተዳደሪያ ሽያጭ ውስጥ ፍርሃት አንዱ አሳማኝ ቃል ሆኗል። ነገር ግን በአንደርሰን ቤት የጎደለው መመሪያ አልነበረም፤ መመሪያው ነበረ፤ የተጠቀሰውም ሊጠቀስ በማይገባበት ሰዓት ነው። ዘመኑ ሲደርስ በራሱ የሚያስወግድ ፕሮግራም ይህን ሰዓት ከሌላው ሰዓት ሊለይ የሚችለው ማስወገዱ እንዲታገድ አንድ ሰው በጊዜው ሲያዘው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከብሪታንያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከካሪቢያን ደሴቶች በመርከብ የመጡ ሰዎች ሲገቡ የሞሏቸው የመድረሻ ካርዶች በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ምድር ቤት ተቀምጠው ነበር። በ2010 ካርዶቹ ተወገዱ። ባለሥልጣኖቹ ካርዱ የመግቢያን ቀን እንጂ በአገሩ ኑሮ መቀጠልን አያስረዳም ሲሉ ተከራከሩ፤ ቀደም ሲል በዚያ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ግን የአመልካችን የመግቢያ ቀን ለማረጋገጥ ይገለገሉበት እንደነበር መሰከሩ። በ2018 ጉዳዩ ለሕዝብ ሲገለጽ፣ ዕድሜ ልካቸውን በሕጋዊ መንገድ የኖሩ ሽማግሌዎች ማስረጃ አጥተው ከሥራ፣ ከሕክምና፣ አንዳንዶቹም ከአገር መባረራቸው ታወቀ። ካርዶቹ ወረቀት ነበሩ፤ በኮምፒዩተር ቢሆኑ ኖሮ ይድኑ ነበር ለማለት የሚያስችል ነገር ግን የለም። ሲወገዱ የታሰበው ስለያዙት ቦታና ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው፤ ወደፊት ማን ይፈልጋቸዋል የሚለውን ጥያቄ መጠየቅ የሙያው ድርሻ ነበር።

ሥራው በአማርኛ ሲሆን

እስካሁን የተነገረው ለማናቸውም አገር ይሠራል። በአማርኛ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ግን ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉ፤ እነዚህም በሻጮች መግለጫ ውስጥ እምብዛም አይነሡም።

የመጀመሪያው ፍለጋን ይመለከታል። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ የነጠላው ቃል ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ቁጥሩ ውስጥ ሳይለወጡ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ነጠላውን የጻፈ ፈላጊ አብዛኛውን ጊዜ ብዙውንም ያገኛል። በግእዝ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢ በአንድ ሆሄ ስለሚዋሐዱ «መምህር» የሚለው ቃል «መምህራን» በሚለው ውስጥ እንደ ፊደል ገመድ አይገኝም፤ ሳድሱ «ር» ወደ «ራ» ተለውጧልና። «መምህሩ»፣ «መምህሯ»፣ «መምህሮች» እንዲሁ ናቸው። በቃሉ ፊት «የ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «በ» ሲጨመሩ ደግሞ ከቃል መነሻ የሚፈልግ ማውጫ መንገዱን ይስታል። «ዝውውር» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ «እንዲዛወሩ ተፈቅዷል» የሚለውን ደብዳቤ አያገኘውም። ይህን ለማቃለል ፕሮግራሙ የአማርኛን የቃል አመሠራረት ማወቅ ይኖርበታል፤ ለእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተወጠነ ፍለጋ በራሱ አይበቃም።

ሁለተኛው ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። ለብዙ ሴቶች የሚወጣውን «ዓለም ፀሐይ» የተባለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በአራት ዓይነት ሆሄ (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፣ «ፀ» በሁለት፣ «ሐ» በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል አንዱ ስም 48 መልክ ይኖረዋል፤ ተያይዞም ተለያይቶም ስለሚጻፍ 96 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲካተት ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ይህም ተገቢ ነበር። «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌላ ነገር በሆነበት የግእዝ ሥርዓት ሆሄያቱን መደባለቅ ጉዳት አለው። ኮምፒዩተሩ ግን ሁለቱን ሆሄያት የማይገናኙ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። መፍትሔው ፊደል መቀነስ አይደለም፤ አጻጻፉ እንዳለ ተጠብቆ ፍለጋው ብቻ ሞክሼዎቹን አንድ እንዲያደርግ ማዘዝ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በየፕሮግራሙ የግል ሥርዓት የተጻፉ ሰነዶች ደግሞ የፊደሉ ዓይነት ካልተገኘ የላቲን ዝባዝንኬ ሆነው ስለሚታዩ፣ ተቀምጠዋል እንጂ ተጠብቀዋል ማለት አይቻልም።

ስለ ስም ከተነሣ አንድ ሌላ ነገር አለ። ቅጹ «የመጨረሻ ስም» የሚል ሳጥን ካለውና ዝርዝሩን በዚያ የሚያሰናዳ ከሆነ፣ መምህሩ በአባቱ ስም ሥር ይገባል። አንዱ ጸሓፊ የቅጹን ሥርዓት፣ ሌላው የአገሩን ልማድ ሲከተሉ ለአንድ ሰው ሁለት ማኅደር ይከፈታል፤ የአገልግሎት ዘመኑም ለሁለት ይከፈላል።

ከሁሉም የከፋው ጉዳት የሚመጣው ግን ከቀን አቈጣጠር ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ ጳጉሜን 3 ቀን የተጻፈን ደብዳቤ አይቀበልም፤ ጸሓፊውም መስከረም 1 ብሎ ያልፈዋል። ይህ ትንሹ ስሕተት ነው። ጥር 2010 ዓ.ም. የተጻፈ ሰነድ ቁጥሩ ሳይለወጥ እንዳለ ቢገባ፣ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ጥር 2010 አድርጎ ይረዳዋል። የመቆያ ዘመኑ አሥር ዓመት ከሆነ ሰነዱ እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ ለማስወገድ ይታጫል። ያን ጊዜ የሰነዱ ትክክለኛ ዕድሜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ስምንቱ ዓመት በአቈጣጠር ልዩነት ጠፍቷል። ይህን ስሕተት የሚያይ ሰው ከሌለ ፕሮግራሙ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል።

ምን ይፈተን?

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ወደ ወረቀት ብቻ እንመለስ የሚል ክርክር ማቅረብ አይቻልም። በጎርፍ፣ በእሳትና በምስጥ የጠፋው የትምህርት ቤት መዝገብ ብዙ ነው፤ አንድን ማኅደር ሁለት ክፍል በአንድ ጊዜ እንዲያየው ማድረግ፣ ማን መቼ እንደከፈተው ማወቅ፣ ቅጂውን በሌላ ከተማ ማኖር ወረቀት የማይችለው ነገር ነው። ጥያቄው የግዢው ቅደም ተከተል ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ይገዛል፤ ከዚያ ወረቀቱ በጅምላ ይነሣል፤ የማኅደር ድልድል ዝርዝርና የመቆያ ዘመን ሠንጠረዥ ግን ኋላ ይደረስበታል ተብሎ ይተዋል። በስካነር የተነሣ ምስል ያለ መግለጫ ከቀረ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንዳለ ወረቀት ነው፤ እንዲያውም አቧራው ስለማይታይ የሚያስታውሰው የለም። ሠንጠረዡ መቅደም አለበት። ይህም የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትን የመሳሰሉ ተቋሞች ለብዙ ዓመታት ያስተማሩትን የፋይል አያያዝ ዕውቀት ከኮምፒዩተር ሥልጠና ጋር አጣምሮ ማስተማርን ይጠይቃል፤ ሁለቱ ዛሬ በተለያየ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም በማይነጋገሩ መምህራን ይሰጣሉ።

ግዢ ከመፈረሙ በፊት የሚደረገው ሙከራ ሻጩ ራሱ ባዘጋጃቸው ናሙናዎች መሆኑ መቅረት አለበት። መሥሪያ ቤቱ ከራሱ መዝገብ ቤት አንድ መቶ ማኅደር መርጦ ያቅርብ። ከእነዚህ መካከል በጳጉሜን የተጻፉ፣ በብዕር የተጻፉ፣ ስማቸው በሁለት ዓይነት ሆሄ የሰፈረ ባለጉዳዮች ይኑሩባቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንድን መምህር የሠላሳ ዓመት አገልግሎት ከእነዚሁ አውጥቶ መቁጠር ይቻል እንደሆነ ይታይ። ውጤቱን የሚመዝኑት የኮምፒዩተር ክፍል ባለሙያዎች ብቻ አይሁኑ፤ በመዝገብ ቤት ለረጅም ጊዜ የሠራ ሰው አብሮ ይቀመጥ። ከመቶው ማኅደር መካከልም «ልዩ ልዩ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢያንስ አንድ ይጨመር፤ ሻጩ መጀመሪያ እንዲከፍተው የሚሰጠውም እርሱ ይሁን።